ሳይቀድሙን፦ «ስናፕ አፕ» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ

(መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል።)

አቅራቢ፦ ሳምንታዊው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ዝግጅታችን ነው። ደብተርና እስክርቢቶ አጠገባችሁ ካለ ጥሩ። ከሌለም ችግር የለም። ቡና እየቆላችሁም፣ መኪና እየነዳችሁም ልትከታተሉን ትችላላችሁ። የዛሬው ትምህርት ከእጅ ይልቅ ጆሮ ይፈልጋል።

የእንግሊዝን እግር ኳስ የምትወዱ አድማጮች፣ ጥር ሲመጣ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የዝውውር መስኮቱ ይከፈታል። ክለቦች ይሯሯጣሉ። የእንግሊዝኛ ጋዜጦች የስፖርት ገጽ ላይ ደግሞ አንድ አጭር ግሥ ደጋግሞ ብቅ ይላል። እስቲ ስሙት።

ሁለተኛ ድምፅ፦ ስናፕ አፕ። (በዝግታ) ስናፕ... አፕ።

አቅራቢ፦ ስናፕ አፕ። ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነው። ትርጉሙን ወዲያው አልነግራችሁም፤ መጀመሪያ አንድ ታሪክ ልንገራችሁና ራሳችሁ ድረሱበት።

ሌስተር ሲቲን አስታወሳችሁት? እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ በልቶ ዓለምን ጉድ ያሰኘውን ቡድን? ከዚያ ድል ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2014 የጥር መስኮት፣ ሌስተር ከፈረንሳይ ሁለተኛ ዲቪዚዮን አንድ ቀጭን አልጄሪያዊ አመጣ። ሪያድ ማህሬዝ ነው። የከፈለው ገንዘብ ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ እንኳ አልሞላም። ትልልቆቹ ክለቦች ዓይናቸውን ሌላ ቦታ ላይ ተክለው ነበር። ልጁ በዋንጫው ዓመት የእንግሊዝ ተጫዋቾች ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ተሸለመ። በ2018 ማንቸስተር ሲቲ ሲወስደው የተከፈለው ወደ 60 ሚሊዮን ፓውንድ ነው።

አሁን ይህንን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንበለው።

ሁለተኛ ድምፅ፦ ሌስተር ስናፕት አፕ ማህሬዝ።

አቅራቢ፦ ሌስተር ስናፕት አፕ ማህሬዝ። ጥያቄ ልጠይቃችሁ፦ «ገዛው» ማለት አይበቃም ነበር? ሌስተር ቦት ማህሬዝ ብንል ምን ይጎድላል?

(አጭር ዝምታ።)

ይጎድላል። «ገዛ» ስንል ገንዘብ ተከፈለ፣ ተጫዋቹ መጣ፣ አለቀ። «ስናፕት አፕ» ስንል ግን ሌላ ሰው ትዝ ይለናል፤ ያልደረሰው፣ የተቀደመው ሰው። ሌስተር ፈጥኗል፤ ልጁን አጥብቆ ፈልጎታል፤ ሌላው ሳይባንን ወስዶታል። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገኙ ነው ስናፕ አፕ የሚባለው። ፍጥነት አለ፣ ፍላጎት አለ፣ ከኋላ ደግሞ ተሻሚ አለ። ከሦስቱ ቁም ነገሩ የትኛው ነው ብትሉኝ፣ ተሻሚው ነው እላችኋለሁ። ተሻሚ በሌለበት ስናፕ አፕ የለም። ይህችን ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን።

(የሙዚቃ ማሸጋገሪያ፣ አጭር።)

አቅራቢ፦ በአማርኛ ለዚህ የሚጠጋ ምን አለን? አለን እንጂ! «ላፍ አደረገው» እንላለን። «ተሻምተው ገዙት» እንላለን። «ገና ሳይወጣ አለቀ» እንላለን። የመጀመሪያዋ፣ «ላፍ ማድረግ»፣ ለስናፕ አፕ ጠባይ በጣም የቀረበች ናት።

ደግሞ ሌላም ጥቅም አላት። ብዙ ተማሪዎች ፍሬዛል ቨርብ፣ ማለትም እንደ «አፕ» ካለች ትንሽ ቃል ጋር የተጣመረ ግሥ፣ ሲባል ይፈራሉ። ግሡን ያውቁታል፣ «አፕ»ን ያውቁታል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ግን የማያውቁት ነገር ይሆንባቸዋል። አንድ ተማሪ መዝገበ ቃላት ይዞ ስናፕን ያወጣል፤ «ቀጭ ብሎ ተሰበረ» የሚል ያገኛል። አፕን ያወጣል፤ «ወደ ላይ» የሚል ያገኛል። ታዲያ ሌስተር ሲቲ ማህሬዝን ወደ ላይ ሰበረው ማለት ነው?

እስቲ ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ። «ብድግ አለ» ስንል «ብድግ» ብቻውን ምንድን ነው? ምንም። «አለ» ደግሞ ተናገረ ማለት ነው? አይደለም። ሰውዬው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ብድግ ሊል ይችላል። ጭራሽ «ዝም አለ»ም እንላለን እኮ! ሁለቱ ተገናኝተው አንድ ግሥ ሆኑ። «ላፍ አደረገ»ም እንደዚያው ነው። እንግዲህ ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ስንናገር ኖረን፣ እንግሊዞች ሁለት ቃል አጋብተው አንድ ግሥ ሲያደርጉ ምን ያስደነግጠናል?

እዚህ ላይ የግሌን ልናገር። የፍሬዛል ቨርብ ዝርዝር ለልጆች ሰጥቶ «ሸምድዱ» ማለት ብዙም አይጠቅምም ባይ ነኝ። ልጁ ለፈተናው ይሸመድዳል፤ ከፈተናው ማግስት ይረሳል። አገራችን ውስጥ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። የታሪክ መጽሐፉም የኢኮኖሚክሱም በእነዚህ ግሦች የተሞላ ነው። ልጁ የሚያስፈልገው አንድን ግሥ ከነጠባዩ ማወቅ ነው፤ ማን እንደሚለው፣ መቼ እንደሚባል፣ መቼ እንደማይባል።

ታዲያ ያች «አፕ» ምን ትሠራለች? ሦስት ግሦች ስሙ።

ሁለተኛ ድምፅ፦ ኢት፤ ኢት አፕ። ድሪንክ፤ ድሪንክ አፕ። ባይ፤ ባይ አፕ።

አቅራቢ፦ ኢት ማለት በላ ነው። ኢት አፕ ሲሆን ጥርግ አድርጎ በላ ይሆናል። ድሪንክ ጠጣ፤ ድሪንክ አፕ ጭልጥ አደረገው። ባይ ገዛ፤ ባይ አፕ አንድም ሳያስቀር ሰብስቦ ገዛ። አያችሁ? አፕ እዚህ ወደ ላይ አትወጣም። የእኛ «ጥርግ»ና «ጭልጥ» የሚሠሩትን ሥራ ነው የምትሠራው፤ ነገሩ እስከ መጨረሻው መሄዱን ትናገራለች። ስናፕ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የአፍ ሥራ ነው። ደች ቋንቋ ውስጥ ካለ ቃል ጋር የተዛመደ ነው፤ ትርጉሙ በጥርስ ቀጨም ማድረግ። ሉካንዳ በር ላይ የሚውል ውሻ የተወረወረለትን ቁራጭ ሥጋ አየር ላይ ሲቀልበው አይታችኋል? ጥርሱ ቀጭ ሲል ይሰማል፤ ሥጋው መሬት ሳይነካ የለም። ጎኑ የቆመው ውሻ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ስናፕ ይህቺ ቀጭ ናት፤ አፕ ደግሞ ሥጋው የለም ማለቷ ነው።

(የሙዚቃ ማሸጋገሪያ።)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ድምፁ። ሬዲዮ ላይ ስለሆንን ይህን ክፍል አልዘለውም። አብራችሁኝ በሉ፤ ማንም አይሰማችሁም።

ሁለተኛ ድምፅ፦ ስናፕ።

አቅራቢ፦ «እስናፕ» እንዳትሉ። ሁለት ተነባቢ ተከታትሎ ሲመጣ ፊቱ «እ» መጨመር ልማዳችን ነው፤ እስፖርት፣ እስቶር እንደምንለው። እንግሊዝኛው ላይ ግን «ስ»ን ሳብ አድርጋችሁ ወደ «ና» ዝለሉ። አናባቢዋ ደግሞ ከ«ና» ትንሽ ጠበብ፣ ከ«ኔ» ትንሽ ሰፋ ያለች ናት። ያለፈ ጊዜ ስናደርገውስ? ሲጻፍ ፒ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ከዚያ ኢ እና ዲ ይጨመራል። ሲነበብ ግን ኢ የለችም፤ ዲም የለችም።

ሁለተኛ ድምፅ፦ ስናፕት። ስናፕት።

አቅራቢ፦ «ስናፕድ» አይደለም፤ «ስናፒድ»ም አይደለም። መጨረሻው «ት» ነው። ከአፕ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ይለጠፋል።

ሁለተኛ ድምፅ፦ (በዝግታ) ስናፕት አፕ። (በተለመደው ፍጥነት) ስናፕታፕ።

አቅራቢ፦ ስናፕታፕ! ፊልም ስታዩ «ምን አለ?» ያስባለቻችሁ ይህች ናት። ተለያይታ ትጻፋለች፤ ተጣብቃ ትነገራለች።

(የገበያ ድምፅ፤ የሰው ጫጫታ፣ የተሸካሚ «መንገድ፣ መንገድ» የሚል ጥሪ። ቀስ እያለ ዝቅ ይላል።)

አቅራቢ፦ መርካቶ ገብተናል፤ ሰልባጅ ተራ። ቦንዳ ሊፈታ ነው። ነጋዴው የታሸገውን ቦንዳ መሬት ላይ ዱብ ያደርገዋል። ዙሪያውን ሴቶች ከበውታል፤ አንዳንዶቹ ቸርቻሪዎች ናቸው፣ አንዳንዶቹ ለራሳቸው ሊገዙ የመጡ። የታሰረበት የላስቲክ ጠፍር በቢላ ሲቆረጥ ተጠቅጥቆ የመጣው ልብስ እንደ ልቡ ይተነፍሳል። ነጋዴው ገና «ቀስ! ቀስ በሉ እንጂ!» እያለ ነው፤ እጅ በእጅ ላይ ተደራርቧል። መሀል ላይ የአንድ ጥቁር ሱፍ ካፖርት እጅጌ ብቅ አለ። ገበሩ አልተቀደደም፤ ቁልፎቹ ሙሉ ናቸው። አንዲት ወጣት እጅጌውን ጨብጣ ሳብ አደረገችው።

ሁለተኛ ድምፅ፦ (እንደ እናት) የኔ ልጅ፣ እሱን ካፖርት ልትወስጂው ነው?

አቅራቢ፦ (እንደ ወጣቷ) አዎ እናቴ፣ ይዤዋለሁ። ጋሼ፣ ሒሳብ ይቀበሉኝ!

ሁለተኛ ድምፅ፦ (እየሳቁ) ወይ ልጅነት! እኔ እኮ መነጽሬን እየፈለግሁ ነው።

(የገበያው ድምፅ ይጠፋል።)

አቅራቢ፦ ወጣቷ ምን አደረገች?

ሁለተኛ ድምፅ፦ ሺ ስናፕት አፕ ዘ ኮት።

አቅራቢ፦ ካፖርቱን ላፍ አደረገችው። ልብ በሉ፣ ሒሳብ ከፍላለች። ፈጠነች እንጂ አልሰረቀችም። እናትየውም ቢሆኑ ቀኑባት እንጂ «ሌባ!» አላሉም። ተሻሚዋ ባትኖር፣ ካፖርቱ ከጠዋት እስከ ማታ ተሰቅሎ ቢውልና ልጅቷ ተመላልሳ ተከራክራ ብትገዛው፣ ስናፕት አፕ ባላልን።

አሁን ካፖርቱን በስሙ ሳንጠራ «እሱን» ብንል ቃሉ የት ይገባል? ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ፈተናም የምትወደው ቦታ ነው። ስሙ ሲጠራ ሁለት ምርጫ አለን። «ስናፕት አፕ ዘ ኮት» ይቻላል፤ «ስናፕት ዘ ኮት አፕ»ም ይቻላል። «ኢት» ስትመጣ ግን ምርጫ የለም።

ሁለተኛ ድምፅ፦ ሺ ስናፕት ኢት አፕ።

አቅራቢ፦ መሀል ትገባለች። ስናፕት ኢት አፕ። «ስናፕት አፕ ኢት» አይባልም። አንድ ጊዜ ልድገመው፤ ስናፕት ኢት አፕ። ለብዙ ነገር ከሆነ ስናፕት ዜም አፕ፤ ለሰው ከሆነ ስናፕት ሂም አፕ። እነዚህ አጫጭር ተውላጠ ስሞች ሁሌም መሀል ናቸው። ስትናገሩት ደግሞ ሦስቱ ይጣበቃሉ፤ ስናፕቲታፕ።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ።)

አቅራቢ፦ ይህ ግሥ ከማን ጋር ይውላል? ከቲኬት ጋር ይውላል። እንግሊዝ አገር ግላስተንበሪ የሚባል ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል አለ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለ2025ቱ ዝግጅት ቲኬት መሸጥ የተጀመረው በ2024 ኅዳር ነው፤ አንድ እሑድ ጠዋት ተከፍቶ በ35 ደቂቃ ገደማ አለቀ። ጋዜጦች እንዲህ ዓይነቱን ሲዘግቡ ገዢውን አይጠቅሱም፤ ቲኬቱን ያስቀድማሉ።

ሁለተኛ ድምፅ፦ ቲኬትስ ወር ስናፕት አፕ ኢን ሚኒትስ።

አቅራቢ፦ ቲኬቶቹን ሕዝቡ በደቂቃዎች ውስጥ ተሻምቶ ወሰዳቸው። ወር ስናፕት አፕ። በዚህ መልኩ፣ ዕቃው ባለቤት ሆኖ፣ በጣም ይዘወተራል። ገዢው ብዙ ነው፤ ማን ብለን እንጠራዋለን?

ከቤት ጋር ይውላል። ከሥራ ሰው ጋር ይውላል፤ ጎበዝ ተመራቂን ኩባንያዎች ስናፕ አፕ ያደርጉታል። ከቅናሽ ዕቃ ጋርማ ወንድምና እህት ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ሆናችሁ በኢንተርኔት የምትከታተሉን፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ከታንክስጊቪንግ ማግስት ያለውን ዓርብ ታውቁታላችሁ፤ ብላክ ፍራይደይ። ያን ሰሞን በየዜናው «ሾፐርስ ስናፕ አፕ ባርጌንስ» ሲባል ትሰማላችሁ። ባርጌን እዚህ ጋ ክርክር አይደለም፤ በርካሽ የተገኘ ዕቃ ነው።

ከትልልቅ ኩባንያዎችም ጋር ይውላል፤ ይህኛው ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። በ2012 ሚያዝያ ፌስቡክ ኢንስታግራምን በ1 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ተስማማ። ኢንስታግራም ያኔ ሠራተኞቹ 13 ብቻ ነበሩ፤ አንድ ሚኒባስ ታክሲ የሚሞሉ ሰዎች። ከሁለት ዓመት በኋላ ፌስቡክ ዋትስአፕን ለመግዛት 19 ቢሊዮን ዶላር አቀረበ። አሁን የምጠይቃችሁን አስቡበት። 19 ቢሊዮን ዶላር ርካሽ ነው? አይደለም። ታዲያ ስናፕ አፕ ለርካሽ ዕቃ ብቻ ከሆነ፣ ጋዜጠኞች ለእንዲህ ዓይነቱ ግዢ ለምን ይጠቀሙበታል?

(አጭር ዝምታ።)

ግሡ ዋጋ ስለማይጠይቅ ነው! ተሻሚ አለ ወይ ነው የሚጠይቀው። የሚያድግ ትንሽ ኩባንያ ሲገኝ ሌላው ግዙፍ ድርጅት ነገ ሊወስደው ይችላል። ዛሬ የወሰደ ስናፕ አፕ አደረገ። ርካሽ ዕቃ ላይ የምናየው ርካሽ ዕቃ ተሻሚ ስለማያጣ ነው።

እስቲ በተቃራኒው እንፈትነው። በ2024 ጥቅምት፣ አሁንም በፈረንጆቹ ነው፣ ኢትዮ ቴሌኮም የድርሻውን 10 በመቶ ለሕዝብ ሽያጭ አቀረበ። 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር። የመሸጫው ጊዜ ተራዝሞ እስከ የካቲት 2025 ቆየ። ሲዘጋ የተሸጠው ከ11 ሚሊዮን አክሲዮን በታች ነበር። አሁን አንድ ተማሪ «ኢንቨስተርስ ስናፕት አፕ ዘ ሼርስ» ብሎ ቢጽፍ፣ ትክክል ነው? ሰዋስዉ ትክክል ነው። ነገሩ ግን አይደለም። ብዙ ሺህ ሰው ገዝቷል፤ ሽሚያ ግን አልነበረም። «ቦት» ይበቃዋል። የቢዝነስ ዜና በእንግሊዝኛ ስታነቡ፣ ጋዜጠኛው ስናፕት አፕ ካለ ሰው ተሻማ እያላችሁ ነው። ያንን ያለማስረጃ ካለ ደግሞ እያጋነነላችሁ ነው፤ ጠርጥሩት።

(የሙዚቃ ማሸጋገሪያ። የደብዳቤ መክፈቻ ድምፅ።)

አቅራቢ፦ ወደ አድማጮቻችን ጥያቄ። አንድ ተማሪ እንዲህ ይላል፤ «ታክሲ ስሳፈር ሞባይሌን መነተፉኝ። ስለዚህ ነገር በእንግሊዝኛ ድርሰት ጻፍሁና ‹ዘ ቲፍ ስናፕት አፕ ማይ ፎን› አልሁ። መምህራችን በቀይ አሰመሩበት። ሌባው ፈጥኗል፤ ሞባይሌንም ፈልጎታል። ታዲያ ምኑ ላይ ተሳሳትሁ?»

በመጀመሪያ ስለ ሞባይልህ አዝነናል ወንድማችን። ፍጥነቱና ፍላጎቱ አለ ያልኸው እውነትህን ነው። ችግሩ ሞባይሉ ለገበያ አልቀረበም። ስናፕ አፕ ላይ ነገሩ ለፈጠነ ሁሉ ክፍት ነው፤ ሞባይልህ ግን የአንተ ነው፣ እጅህ ላይ ነው። መንታፊ የሚያደርገው ሌላ ግሥ አለው።

ሁለተኛ ድምፅ፦ ስናች። ዘ ቲፍ ስናችት ማይ ፎን።

አቅራቢ፦ ስናች፤ መንጠቅ፣ መንተፍ ነው። ከሰው እጅ ይወስዳል። ስናፕ አፕ ከገበያ ይወስዳል። ድምፃቸው ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ግራብ የሚባል ደግሞ አለ፤ እሱ ሁለቱም ቤት ይገባል፤ ጨበጥ፣ አፈፍ ማድረግ ነው፤ ክፉም ደግም አይደለም። ቡና እንኳ ግራብ ይደረጋል። ስቶክ አፕ የሚለውንም አትቀላቅሉት። በዓል ሲደርስ ዘይቱን፣ ሽንኩርቱን፣ ቅቤውን ቀደም ብላችሁ ገዝታችሁ ቤት ስታስቀምጡ ስቶክ አፕ ነው፤ ማከማቸት። እዚያ ላይ ቀስ ብሎ መግዛትም ይቻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከአንዲት አድማጫችን ነው፤ ሳቅ ብላ የጻፈችው ይመስላል። «ጎረቤታችን ያሉ መልካም ሰው ልጃቸውን ዳሩ። ሙሽራው ምስጉን ነው፤ ሥራ ያለው፣ ጨዋ። ሰዉ ሁሉ ‹እንዴት ያለውን ልጅ ላፍ አደረገችው!› አለ። ይህንን በእንግሊዝኛ ስናፕ አፕ ማለት ነውር ይሆናል?»

አይሆንም! እንግሊዞችም እንዲህ ሲሉ ይቀልዳሉ። «ሂ ወዝ ስናፕት አፕ» ይላሉ፤ ሌሎቹ ሳይደርሱ ተወሰደ። ግን የቡና ላይ ጨዋታ ነው። የሰርግ ካርድ ላይ አትጻፉት፤ አማቾች ፊትም ባይነሣ ይሻላል።

ከጥያቄዎቹ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሥነ ጽሑፍ ለምትወዱ። የሼክስፒር «ዘ ዊንተርስ ቴል» የተሰኘው ተውኔት በ1611 ለንደን፣ ግሎብ ቲያትር ታይቷል። ውስጡ ኦቶሊከስ የሚባል አስቂኝ ሱቅ በደረቴ አለ። ሪባንና ጓንት እየዞረ ይሸጣል፤ እግረ መንገዱን ኪስ ያወልቃል። ይህ ሰው ራሱን ሲያስተዋውቅ የሚጠቀመው ከዚሁ ከስናፕ አፕ የወጣ ስም ነው፤ ሰው ልብ ያላላትን ጥቃቅን ነገር ላፍ የሚያደርግ፣ እንደ ማለት። «ቅድም ሌባ አይደለም ብለኸን አልነበር?» ትሉኛላችሁ። ትክክል፤ ኦቶሊከስ ሌባ ነው። ግን ሌብነቱን እንዴት እንዳሳመረው ተመልከቱ! ከሰው እጅ አልነጠቅሁም፤ ባለቤት የረሳውን አነሣሁ ነው የሚለው። መንታፊ ስሙን ሲያቆላምጥ የመረጠው ቃል ይህ መሆኑ ራሱ ስናችና ስናፕ አፕ ምን ያህል እንደሚለያዩ ይነግረናል። የዛሬው አጠቃቀም ደግሞ ጭራሽ ወደ ገበያው አጋድሏል።

(አጭር የሙዚቃ ማሸጋገሪያ።)

አቅራቢ፦ ስናፕ ሌሎችም ባልደረቦች አሉት፤ ዛሬ በወፍ በረር ብቻ። ስናፕ አት፤ ቱግ ብሎ ሰውን መቆጣት። ስናፕ አውት ኦፍ ኢት፤ «ኧረ ተው፣ ከዚህ ትካዜ ውጣ» ማለት። ስናፕ ኢሌክሽን ደግሞ ጊዜው ሳይደርስ በድንገት የተጠራ ምርጫ ነው፤ ቴሬዛ ሜይ በ2017 እንግሊዝ ውስጥ እንደጠሩት ያለ። እነዚህን ሌላ ጊዜ እንመጣባቸዋለን።

አሁን ሥራ ለእናንተ። አማርኛውን እላለሁ፤ እናንተ በእንግሊዝኛ ትሉታላችሁ፤ ትንሽ ጊዜ እሰጣችኋለሁ። አንደኛ፦ «ጫማዎቹን ወዲያው ላፍ አደረጋቸው።» ጫማዎቹን «ዜም» በሉልኝ።

(የአምስት ሰከንድ ዝምታ።)

ሁለተኛ ድምፅ፦ ሂ ስናፕት ዜም አፕ።

አቅራቢ፦ «ዜም» መሀል ገባች? ጎበዝ! ሁለተኛ፦ «ቤቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተሻምተው ገዙት።» ከቤቱ ጀምሩ።

(የአምስት ሰከንድ ዝምታ።)

ሁለተኛ ድምፅ፦ ዘ ሃውስ ወዝ ስናፕት አፕ ዊዚን ኤ ዊክ።

አቅራቢ፦ ሦስተኛውን መልሱን አልነግራችሁም፤ ጽፋችሁ ላኩልኝ። ሰውዬው የፋሲካ ዋዜማ በግ ተራ ሄደ። በጎቹን አንድ በአንድ ላታቸውን ዳበሰ፣ ጥርሳቸውን አየ፣ ዋጋ ጠየቀ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ገበያው ሊበተን ሲል፣ ማንም ያልፈለገውን አንድ ቀሪ በግ ገዛ። ይህ ሰው በጉን ስናፕት አፕ አደረገው ይባላል? አዎ ወይም አይደለም ብቻ ብላችሁ እንዳትልኩልኝ፤ ምክንያታችሁን በሁለት መስመር ጨምሩበት። «ባይባልስ ምን ይባላል?» ለሚለው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር የምትጽፉም ካላችሁ፣ የሳምንት ሰው ይበለንና እሱንም በአየር ላይ አነበዋለሁ።

(መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ያበቃል።)